ፎርማኑ 110 ኩንታል አለ፣ ወንድሜ 60 አለ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሲገለጡ አብዛኞቹ አንድ ናቸው፤ "ስንት ልግዛ?" ሲሚንቶ ስንት፣ አሸዋ ስንት፣ ብሎኬት ስንት። ዛሬ አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እሱ ከገባችሁ ሌላውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ዋጋ ግን አልጠራም። ዛሬ ብጽፈው እናንተ ጋ እስኪደርስ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ሰንዳፋ አካባቢ ባለኝ ቦታ ላይ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ቤት ላሠራ ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር። መሠረቱ የድንጋይ ግንብ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሥራውን በእጅ ዋጋ ነው የሰጠሁት፣ ማቴሪያል አቅራቢዋ እኔ ነኝ። ሚያዝያ ላይ እንጀምራለን። ፎርማኑ "ሲሚንቶ 110 ኩንታል፣ ብሎኬት 1,300 አምጪ" አለኝ። ወንድሜ ደግሞ "ከ60 ኩንታል በላይ ከገዛሽ ሰውዬው ባንቺ ሲሚንቶ የራሱን ቤት ይሠራል" ይለኛል። የማንን ልስማ? ብሩ የዕቁብ ነው፣ ዕጣው የወጣልኝም ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የሁለቱንም አትስሚ። ሜትር ግዢ።

ሁለቱም ቁጥሩን ያወጡት ከአፋቸው ነው። ፎርማኑን "110 እንዴት መጣ?" ብለሽ ጠይቂው። ወረቀት አውጥቶ ካሳየሽ ጥሩ ሰው ይዘሻል። "በልምድ ነው" ካለሽ ግን ልምዱን አክብሪና ስሌቱን ራስሽ ሥሪው። ከባድ አይደለም፤ ማባዛት ብቻ ነው።

ከብሎኬቱ እንጀምር፣ እሱ ይቀላል። የብሎኬቱ ፊት 40 በ20 ሴንቲ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ብሎኬት ከብሎኬት ገጥመሽ ብትደረድሪ 12 ተኩል ይገባል። የውጭ ግድግዳሽ ዙሪያው 28 ሜትር ነው (10 ሲደመር 4፣ እጥፍ)። ከግሬድ ቢም (በመሠረቱ ላይ ከሚሄደው የኮንክሪት ማሰሪያ) እስከ ላይኛው ቢም ያለውን ከፍታ 2.8 ሜትር ብንለው 78 ካሬ ይሆናል። ሦስት በርና ሦስት መስኮት ወደ 10 ካሬ ይበላሉ። ስምንት ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ደግሞ አራት ካሬ ተኩል። የሚቀረው 64 ካሬ ነው። በ12 ተኩል ሲባዛ 800 ብሎኬት። ለክፍሎቹ መለያ ሁለት ግድግዳ አለ፣ እያንዳንዱ 3.6 ሜትር ነው። 20 ካሬ ነው፣ 250 ብሎኬት፣ እሱም 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው ቢሆን ይበቃል። በድምሩ 1,050።

አሁን ልብ በይ። "ለሚሰበረው 10 ፐርሰንት ጨምሪበት" የሚልሽ አይጠፋም። ግን ብሎኬቱ በደረቁ አይደረደርም፣ በመካከሉ አንድ ሴንቲ ያህል የሞርታር (በውኃ የተቦካ ሲሚንቶና አሸዋ) ድርዝ አለ። ድርዙን ስታስገቢ በካሬ የሚያስፈልግሽ 11.6 ገደማ ነው። 12.5 ብለሽ ስታሰቢ ለሚሰበረው 7 ፐርሰንት ቀድሞውኑ ይዘሻል ማለት ነው። በዚያ ላይ 10 ከጨመርሽ ለአንድ ስብራት ሁለት ጊዜ ከፈልሽ። የፎርማኑ 1,300 የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ወይ በርና መስኮቱን አልቀነሰም፣ ወይ ደግሞ በመጠባበቂያ ላይ መጠባበቂያ ጨምሯል። በእርግጥ ብሎኬቱ ከወገብ በታች ሲለቀቅ የሚበታተን ከሆነ 7 ፐርሰንትም አይበቃም፣ ግን ያኔ መፍትሔው ብዙ መግዛት ሳይሆን ከዚያ ሰፈር አለመግዛት ነው። ሲራገፍ አጠገቡ ቁሚ። የተሰበረውን ቁጠሪ፣ ደረሰኙ ላይ ይቀነስልሽ።

ሲሚንቶው ብዙ ቦታ ስለሚገባ ሰው ይደናገራል። በየደረጃው ከፋፍለሽ እይው። አንድ ኩንታል ማለት ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው፤ ይህን የምለው ከረጢትና ኩንታል ተምታቶበት እጥፍ ያዘዘ ሰው ስለማውቅ ነው።

መሠረቱን 50 ሴንቲ ስፋት፣ 80 ሴንቲ ከፍታ ብንለው፣ የውስጥ ግድግዳውን መሠረት ጨምሮ 35 ሜትር ርዝመት አለው። 14 ሜትር ኩብ ግንብ ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ገደማ ሞርታር ነው፣ አራት ተኩል ሜትር ኩብ። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ሲቦካ በሜትር ኩብ ወደ 370 ኪሎ ሲሚንቶ ይጠጣል። 17 ኩንታል ያዢ። ድንጋዩን በትልልቁ ብቻ ደርድሮ መሐሉን በሞርታር የሚሞላ ግንበኛ ካጋጠመሽ ግን ይህ ቁጥር አይይዝም። ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይ እንዲሞላው ከመጀመሪያው ቀን ንገሪው።

ኮንክሪቱ፦ ግሬድ ቢሙ፣ ስምንቱ ኮለን፣ ላይኛው ቢምና 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው ወለል አንድ ላይ ሲደመሩ 7.7 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። ለቢምና ለኮለን በሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ለወለሉ 320 ኪሎ ብናስብ 26 ኩንታል ተኩል፤ ከፈሰሰው ጋር 28።

ብሎኬት መደርደሪያው 7 ኩንታል። የወለል ማስተካከያው 4።

ልስኑን ሁሉም ይንቀዋል። አንቺ ግን ውጭና ውስጥ ስታስለስኚ 177 ካሬ ነው የምታስለስኚው። ሁለት ሴንቲ ውፍረት ይዘሽ፣ ግድግዳው ጠማማ የሆነበትን ጨምረሽ 4 ሜትር ኩብ ሞርታር ነው። 15 ኩንታል።

ደምሪው፤ 71። ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈውን ስስ ኮንክሪትና ጥቃቅኑን ጨምረሽ 75 በይ። ወንድምሽ 60 ያለው ልስኑን ረስቶ መሆን አለበት፣ ልስኑን ብናወጣው 56 ነው የሚሆነው። ፎርማኑ ደግሞ፣ ሌባ ነው ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂው፤ አጥሩንና የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ጨምሮ አስቦ ይሆን? ብዙ ጠብ ሲነሳ ያየሁት በዚህ ነው። አንዱ የሚያወራው ስለ ቤቱ ነው፣ ሌላው ስለ ግቢው በሙሉ።

ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም። በእጅ ዋጋ የሚሠራ ሰው ሲሚንቶ ቢባክን የሚጎድልበት ነገር የለም። ሲሚንቶው ካጠረ ግን ሥራው ይቆማል፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይውላል፣ የቀን ሒሳቡ ግን አይቆምም። ስለዚህ ክፋት ባይኖርበትም አብዝቶ ይጠራል። ከነማቴሪያሉ የተዋዋለ ደግሞ በተቃራኒው ከረጢት ይሰስታል። ማን እየከፈለ እንደሆነ ካወቅሽ ቁጥሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ቀድመሽ ታውቂያለሽ።

75ቱን በአንድ ቀን አታምጪ። መጀመሪያ የመሠረቱን 17 እና የግሬድ ቢሙን ግዢ። መሠረቱ ሲያልቅ ስንት ከረጢት እንደወጣ ቁጠሪ። 17 ያልነው 21 ከበላ፣ ወይ ጉድጓዱ ከተባለው በላይ ሰፍቷል ወይ ግንበኛው በሞርታር እየሞላ ነው፤ የቀረውንም በዚያው ልክ አስተካክዪ። የመጀመሪያው ደረጃ ለቀጣዩ ሚዛን ይሆንሻል። ሌላው ምክንያት ደግሞ ሚያዝያ ስትጀምሪ ክረምቱ ከፊትሽ መሆኑ ነው። ሲሚንቶ እርጥበት ይጠጣል። በደንብ ተቀምጦ እንኳ በሦስት ወር ውስጥ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል ነው የሚባለው፤ ቆርቆሮው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ነሐሴ ላይ ከረጢት ቅርጽ ያለው ድንጋይ ነው የምታገኚው። በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገሽ፣ ከ10 ከረጢት በላይ ሳትቆልዪ አስቀምጪ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

የመጨረሻው፤ ሳጥኑን ለኪ። አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርበት የእንጨት ሳጥን 50 በ40 በ20 ሴንቲ ከሆነ 40 ሊትር ይይዛል። አናጢው ጣውላ ተርፎት ከፍታውን 25 ካደረገው 50 ሊትር ሆነ። ሲሚንቶው አንድ ከረጢት እንደሆነ ይቀራል፣ ኮንክሪቱ ግን ቀጠነ። ሲሚንቶ ተረፈሽ ብለሽ ትደሰቻለሽ፣ ኮለንሽ ግን አይደሰትም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አንድ ቢያጆ (የአንድ ገልባጭ መኪና ጭነት) አሸዋ 16 ሜትር ኩብ ነው ብለው ሸጡልኝ። ተገልብጦ ሳየው ክምሩ አነሰብኝ። ሾፌሩ "አባቴ፣ አሸዋ ሲራገፍ ይተኛል" ብሎኝ ሄደ። እውነት ይተኛል?

መልስ፦ ይተኛል አባቴ፣ ግን ሾፌሩ የሚለውን ያህል አይተኛም።

መለካት ያለበት ከመገልበጡ በፊት ነው። ከተገለበጠ በኋላ የሚቀረው ክርክር ብቻ ነው። ሜትርዎን ይዘው ገልባጩ ላይ አንድ ልጅ ያውጡ። የውስጡን ርዝመት፣ የውስጡን ስፋት፣ ከዚያ ደግሞ አሸዋው በትክክል የደረሰበትን ከፍታ ይለካ። አንድ ሲኖትራክ ውስጡ 5.4 በ2.3 ነው እንበል። አሸዋው ከአፉ 20 ሴንቲ ዝቅ ካለ 2 ሜትር ኩብ ተኩል ጎድሏል። ከታች ሲያዩት 20 ሴንቲ ምንም አይመስልም። መሐሉን ቆልለው ጠርዙን የሚያጎድሉም አሉ፣ ስለዚህ ከፍታውን አራት ቦታ ለክቶ አማካዩን መያዝ ነው። ወለሉንም በዱላ ይምቱት፤ ያለፈው ጭነት ጭቃ ደርቆ ተጣብቆበት ከሆነ ያ ሁሉ እንደ አሸዋ ይቆጠርብዎታል።

ከዚያ እርጥበቱ አለ። ብዙ ሰው ውኃ አሸዋውን ያከብደዋል ብቻ ብሎ ያስባል። ውኃ ያሳብጠዋልም። ረጠብ ያለ ደቃቅ አሸዋ ከደረቁ እስከ ሩብ ድረስ የበለጠ ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ሲደርቅ ወይም ፈጽሞ በውኃ ሲጠግብ ተመልሶ ያንሳል። ከወንዝ በቀጥታ የመጣ አሸዋ ሲገዙ 16 ለክተው 13 ሊያገኙ ይችላሉ፣ ሾፌሩም አልዋሸም። ስለዚህ እርጥብ ከሆነ ዋጋው ላይ ይከራከሩ፣ ትዕዛዝዎም ላይ ይጨምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መምህር ስለሆኑ ሙከራ ይወዳሉ ብዬ ነው። በሚያሳይ የውኃ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ይጨምሩ፣ በላዩ ውኃና ትንሽ ጨው፣ በደንብ ይነቅንቁት፣ ከዚያ ሳይነኩት ይተዉት። በማግስቱ ከአሸዋው በላይ የአፈር ንጣፍ ተኝቶ ያገኙታል። ያ ንጣፍ ከአሸዋው 6 ፐርሰንት ካለፈ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። አሸዋው 10 ሴንቲ ከሆነ አፈሩ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም ማለት ነው። 16 ሜትር ኩብ ብለው የገዙት ውስጥ ስንቱ አፈር እንደሆነ ያኔ ያዩታል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዶሃ ነው ያለሁት። ባሕር ዳር ቤት እያሠራሁ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን። ታናሽ ወንድሜ ነው የሚከታተልልኝ። በየሳምንቱ "ሲሚንቶ አለቀ" ይለኛል፣ እልካለሁ። አሁን ደግሞ ለሶሌታው (ለፎቁ የኮንክሪት ወለል) 150 ከረጢት አለኝ። ስፋቱ 90 ካሬ ነው። ወንድሜን ልጠረጥረው አልፈልግም፣ ግን ጓደኞቼ "90 ካሬ 150 ከረጢት አይበላም" እያሉ ሰላም ነሱኝ።

መልስ፦ ጓደኞችህ ሶሌታ እንደ ዳቦ ጠፍጣፋ ብቻ መስሏቸዋል።

እስቲ አብረን እንየው። ውፍረቱ 15 ሴንቲ ከሆነ 90 ካሬው 13.5 ሜትር ኩብ ነው። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ማለትም ሰባት ከረጢት ከምናምን፣ 97 ከረጢት ይሆናል። ጓደኞችህ እዚህ ላይ ነው ያቆሙት። ግን አብሮ የሚሞላ ቢም አለ። ከሶሌታው በታች የሚወርደው 25 በ30 ከሆነና በጠቅላላው 45 ሜትር ከሄደ ሌላ 3.4 ሜትር ኩብ ነው። ደረጃውም በዚያው ቀን ከተሞላ ሁለት ሜትር ኩብ ጨምርበት። ወደ 19 ደረስን። 136 ከረጢት። ለመጠባበቂያ 10 ፐርሰንት ስትጨምር 150። ወንድምህ ወይ ያውቃል ወይ የሚያውቅ ሰው ጠይቋል። ደውልና አመስግነው። የስዕሉን ልኬት ግን አንተም በእጅህ ያዝ፣ እኔ እዚህ የገመትኩት ውፍረትና ቢም ነው።

ለብሎኬት መጠባበቂያ አትጨምሩ ብዬ ለሶሌታ 10 ፐርሰንት ስል የተምታታብኝ እንዳይመስላችሁ። ብሎኬት ቢጎድል ነገ ይመጣል፣ ግንበኛው ግማሽ ቀን ይቀመጣል፣ አለቀ። ሶሌታ መሐል ላይ ሲሚንቶ ካለቀ ግን የፈሰሰው ይደርቃል፣ ያልፈሰሰው ይቀራል፣ በመካከላቸው ስፌት ይሆናል። ከተረፈ ደግሞ ምን ይጎዳል? 14 ከረጢት ነው፣ ለብሎኬት መደርደሪያ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ገና ሥራ ስጀምር፣ የአንድ ዘመዳችንን ሶሌታ ሲሚንቶ ያሰላሁት እኔ ነበርኩ። በካልኩሌተር፣ በንጹሕ ወረቀት፣ ከስሩ ሁለት መስመር አስምሬ። ሙሌቱ ጠዋት 1 ሰዓት ጀመረ፣ በግ ታርዷል፣ ሠፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፎርማኑ መጥቶ "ስንት ከረጢት ቀረ?" አለኝ። ቆጠርኩ። ስምንት። እሱ ወደ ደረጃው ቦታ በእጁ አሳየኝና ዝም አለ። ደረጃውን ረስቼዋለሁ! ቅዳሜ ነው፣ ሱቆች ተዘጉ። ከጎረቤት ሁለት ከረጢት፣ ከሌላው ሦስት፣ ከአንዱ ቤት ጓሮ ደግሞ እንደ ጓል የሆነ ሁለት ከረጢት በጋሪ አመጣን፤ ጓል የሆነውን ፎርማኑ "ይሄን ለውሻ ቤት አድርገው" ብሎ መለሰው። መጨረሻ ላይ ደረጃው ለሌላ ቀን ተቆረጠ። መገጣጠሚያው ላይ ያለችው ስንጥቅ ዛሬም አለች፣ በክረምት ትረጥባለች፣ ዘመዳችንም በሄድኩ ቁጥር ሻይ እየቀዱ አሻቅበው ያዩዋታል። ምንም አይሉም። ማየት ብቻ።

ወደ አንተ ልመለስ። ወንድምህን እንዳትጠረጥረው ከፈለግህ ደረሰኝ ላክልኝ ማለቱን ተው፤ ደረሰኝ የሚነግርህ የተገዛውን እንጂ የገባውን አይደለም። በአንድ ደብተር ላይ በየማታው ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ዛሬ ስንት ከረጢት ወጣ፣ ምን ተሠራ፣ የተሠራው ልኬቱ ስንት ነው። "12 ከረጢት፣ አራት ኮለን፣ 30 በ30፣ ቁመት 3 ሜትር።" ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። አንተ ዶሃ ሆነህ ታሰላዋለህ፤ አራቱ ኮለን 1.08 ሜትር ኩብ ናቸው፣ በ360 ኪሎ ስምንት ከረጢት ቢበዛ። 12 ከተጻፈ የአራቱን ከረጢት ነገር ትጠይቃለህ፣ ወንድምህን ሳይሆን ቁጥሩን ይዘህ ነው የምትጠይቀው። ምናልባት ካዛፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ሆዱ ተነፍቶ ኮለኑ ወፍሯል፣ ምናልባት ሳጥኑ አንሷል። ምናልባትም ሌላ ነገር ነው። በዚያ መንገድ ብትጠይቀው ወንድምህም አይከፋውም፣ እንዲያውም ከፎርማኑ ጋር ሲነጋገር ጉልበት ይሆነዋል።

ከሙሌቱ በፊት ደግሞ መሐንዲስ ለአንድ ቀን ከፍለህ ስዕሉን ይዞ ይለካልህ። 

ጥያቄ፦ ከደሴ። 8 ኮለን ላለው ቤት ባለ 12 (ውፍረቱ 12 ሚሊ የሆነ) ፌሮ ስንት ቤርጋ ይበቃል? አንዱ ፌራዮ (ፌሮ ቆርጦ የሚያስረው ባለሙያ) 11 አለኝ፣ ሌላው 16። እንዴት ይሄን ያህል ይራራቃሉ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ 20 ሴንቲ ነው።

አንድ ቤርጋ ማለት አንድ ያልተቆረጠ የፌሮ ዘንግ ነው፣ 12 ሜትር። በእያንዳንዱ ኮለን አራት ቋሚ ፌሮ ይቆማል፣ 32 ቁራጭ። ቁራጩ 4 ሜትር ከሆነ ከአንድ ቤርጋ ሦስት ይወጣል፣ 11 ቤርጋ በቂ ነው። ቁራጩ 4.2 ሜትር ከሆነ ግን ሦስት አይወጣም። ሁለት ይወጣና 3.6 ሜትር ይተርፋል። ያኔ 16 ቤርጋ ነው። የመሠረቱን ጥልቀትና ከታች የሚታጠፈውን ጠይቅ፣ ልዩነቱ እዚያ ነው ያለው። 16 ከሆነም የተረፈው 3.6 ሜትር ቢም ላይ ይገባል፣ መደራረቢያው 48 ሴንቲ ያህል መሆኑን አትርሳ (የፌሮው ውፍረት 40 እጥፍ)። ፌሮ በኪሎ ተደምሮ አይገዛም፣ በመቀስ ተቆርጦ ነው የሚታሰበው።

ለእስታፋው (ቋሚዎቹን ዙሪያቸውን ለሚያስረው ቀለበት)፣ 20 በ20 ኮለን ከሆነ አንዱ ወደ 80 ሴንቲ ይፈጃል። ከአንድ ባለ 8 ቤርጋ 15 ይወጣል። በየ20 ሴንቲው ስታስር ለአንድ ኮለን አንድ ቤርጋ ማለት ነው።

ስትረከብ ደግሞ መዝን። ባለ 12 አንዱ ቤርጋ 10.7 ኪሎ አካባቢ፣ ባለ 8 ደግሞ 4.7 መምጣት አለበት። ባለ 8 ተብሎ 4 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ባለ 8 አይደለም፣ ከዚያ የቀጠነ ሌላ ፌሮ ነው። መልሰው።

ጥያቄ፦ አዳማ ነኝ። ሳሎንና ኮሪደር 42 ካሬ ሴራሚክ ላስነጥፍ ነው፣ 60 በ60። ሻጩ "ልክ 42 ግዢ፣ ቢጎድል እኔ አለሁ" አለኝ። ልመነው?

መልስ፦ ሻጩ ይኖራል፣ ቀለሙ ላይኖር ይችላል።

60 በ60 ሴራሚክ ብዙ ጊዜ በካርቶን አራት ነው፣ 1.44 ካሬ። 42 ካሬ ብቻ ከገዛሽ 30 ካርቶን ትወስጃለሽ፣ ለሚቆረጠው አይበቃም። ቀጥ አድርገሽ ከሆነ የምታስነጥፊው 10 ፐርሰንት፣ ሰያፍ ከሆነ 15 ጨምሪ። በ10 ፐርሰንቱ 33 ካርቶን ነው። ስትረከቢ ካርቶኑ ላይ የታተመውን የቀለምና የምርት ቁጥር አንድ በአንድ አንብቢ፣ ሁሉም አንድ ይሁን። ያው ሴራሚክ በሌላ ጊዜ ሲመረት ለዓይን በማይታይ መጠን ይጠቁራል ወይ ይነጣል፣ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲሆን ግን እንግዳ ገና በር ላይ ቆሞ ያየዋል።

ተነጥፎ ሲያልቅ አንድ ካርቶን እንዳይከፈት አድርጊ። አናጢም ግንበኛም "ልውሰዳት?" ቢልሽ እምቢ በይ። አልጋ ሥር ትቀመጥ። ቧንቧ ፈንድቶ ወለል ሲቆፈር ከየትም አታገኚውም።